የሞተሬ የፊት እግሮች

ታጁን ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት። አብዛኞቹ የሚያውቁት የነገሩን ግማሽ ነው። ግማሹን ለሚያውቅ ሰው እኔ ክፉ ሴት ነኝ፤ የባሏን አብሮ አደግ በአደባባይ ያዋረደች፣ ሽማግሌ የመለሰች። ሙሉውን ላውራላችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ነጃት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ነው። ሥራዬ ቡና ማየት ነው። ከሊሙ ገነት ዙሪያ ባሉ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች እየዞርኩ ለቀማው ቀይ ቀዩ ብቻ መሆኑን፣ የታጠበው ቡና በደንብ መታሸቱን፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው በሰዓቱ መገልበጡን እቆጣጠራለሁ። ማጠቢያዎቹ ያሉት መኪና በማይደፍረው መንገድ ላይ ስለሆነ ያለ ሞተር ሥራው አይታሰብም። ሞተሬን የገዛሁት በራሴ ነው። ያገለገለ ነበር፣ ግን ጤነኛ። መንዳት ያስተማረኝ ባለቤቴ ሙክታር ነው፤ በዚህ ምስጋናዬ ለእሱ ነው። ሴት ሞተር ላይ ሲያዩ አፍ የሚከፍቱ ሰዎችን ለመድኳቸው። አንዳንዱ ያደንቃል፣ አንዳንዱ ይሳደባል፣ ብዙው ግን ስትወድቂ ለማየት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን የሞተሬ የፊት ሾክ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ሞተር ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት እግሮች ሾክ ይባላሉ። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ወደ ውስጥ እየገቡ እየወጡ ንዝረቱን የሚውጡት እነሱ ናቸው። ውስጣቸው ዘይት አለ፤ ዘይቱ እንዳይወጣ አፋቸው ላይ መካኒኮች ሲል የሚሉት የጎማ ቀለበት አለ። ሲሉ ሲያረጅ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ትልቅ ነገር አይደለም። ይፈታል፣ አዲስ ሲል ይገባል፣ ዘይት ይሞላል፣ ይገጠማል።

ታጁ መካኒክ ነው። ከሙክታር ጋር አንድ ግቢ ነው ያደጉት። ሠርጋችን ላይ ከሙክታር ጎን የቆመው እሱ ነው፤ ረመዳን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚያፈጥረው እኛ ቤት ነበር። ሌላ ጋራዥ መሄድ እንዳለ እንኳን አላሰብኩም። ሁለቱን ሲሎች ራሴ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝቼ ወሰድኩለት።

“ሞተሩን አሳድሪው፣ ተረጋግቼ ልሥራው” አለኝ።

በማግስቱ ስሄድ ሞተሩ ተገጣጥሞ ቆሟል። ሁለቱ ሾኮች ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብለጨልጫሉ።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ስጦታ ነው። ዝገት እንዳይበላው ብዬ ነው።”

“አላህ ይስጥህ” አልኩት። አዎ፣ መረቅሁት። ይህቺን ቃል ሳስታውሳት ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ተመልሶ ፈሰሰ። ከበፊቱም ባሰ። ተመልሼ ሄድኩ። በዚያን ዕለት ሙክታርም አብሮኝ ነበር። ታጁ ቁጢጥ ብሎ ሾኩን ጠረግ ጠረግ አደረገና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባለቤቴ ዞረ።

“ሙክታሬ፣ ሲሉ አዲስ ነው። ችግሩ አነዳዷ ነው። ትፈጥናለች። ጉድጓድ ላይ ሳትቀንስ ትገባለች፣ ከዚያ የፊት ፍሬኑን ጥርቅም። እንዲህ ከተነዳ የትኛውም ሲል አይችልም።”

ሙክታር ሳቀ። “ቀስ በይ እያልኩሽ” አለኝ።

እኔም አመንኩ። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ለዓመታት በዚያ መንገድ ስነዳ አንድም ቀን አልወደቅኩም፣ ሆኖም አንድ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ ጥፋቱ ያንቺ ነው ሲለኝ አመንኩት። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እየተሳቀቅኩ መንዳት ጀመርኩ። ታጁ “ቀየርኩት” እያለ ይመልስልኛል፣ ዘይቱ ይፈሳል። ጠዋት ጠዋት ሾኩን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ የፍሬኑን ዲስክ በሳሙና አጥባለሁ፤ ምክንያቱም ዘይቱ በሾኩ ወርዶ የሚያርፈው የፊት ፍሬኑ ላይ ነው።

አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ፈቲያ አብራኝ ወደ ሊሙ ገነት ለመሄድ ፈለገች። ፈቲያ ልብስ ሰፊ ናት። እዚያ የምትዳር ልጅ ነበረችና ልኳን ልትወስድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቡና የጫነ አህያ የሚነዳ ሰው ድንገት መንገዱን ሊያቋርጥ ገባ። አልፈጠንኩም። አላህ ያውቃል፣ አልፈጠንኩም። የፊቱን ፍሬን ያዝኩ። አልያዘም። ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ ዘይት ጠጥቶ ኖሮ ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ከአህያው ለመሸሽ ወደ ጠርዝ ስጠመዝዝ የፊቱ ጎማ አመለጠኝ፣ ወደቅን። እኔ ጉልበቴ ተላጠ። ፈቲያ በቀኝ እጇ መሬቱን ልትገፋ ዘርግታው ኖሮ አንጓዋ ላይ ተሰበረ።

ሐኪሞቹ አስረው፣ ፈትተው፣ እንደገና አሰሩት። እጇ እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ የነገሩን ኋላ ላይ ነው። መቀስ የሚይዘው እጇ ነው።

ማንም በቀጥታ አልወቀሰኝም። ግን እናቴ ፊቴን አታይም ነበር። ፈቲያም “ምን ታደርጊ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ” ብላኝ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ሙክታር አንድ ቀን እራት ላይ “ሞተሩን ብትተይውስ” አለኝ። ታጁ ደግሞ ሊጠይቀን መጥቶ ተቀመጠና “እኔ ጋ አቁሙት፣ ገዢ አላጣለትም። ለሷም እረፍት ነው” አለ። ሞተሩን ወሰደ። ሥራዬን ልለቅ ወሰንኩ።

እንግዲህ ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ገዢ ይመጣል ተብሎ ሞተሬ ታጁ ጋራዥ ቆሞ ሳለ፣ እኔ በሚኒባስ ሊሙ ገነት ሄድኩ። የማጠቢያዎቹን ሰዎች ልሰናበት ነው። ከሚኒባስ ወርጄ በአንድ ሻይ ቤት በኩል ሳልፍ ከበሩ ላይ እንደኔ ያለ ሞተር ቆሟል። ሳላስበው ዓይኔ ሾኩ ላይ አረፈ። ልጇ የታመመባት እናት የሰው ጤነኛ ልጅ እንደምታይ ነው ያየሁት። ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለበትም። ጠጋ አልኩ።

በግራው ሾክ ታችኛው አካል ላይ ጠለቅ ያለ ጭረት አለ፤ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቀይ ቀለም።

ያን ጭረት አውቀዋለሁ። አንድ ማጠቢያ ውስጥ ሞተሬን አቁሜ ሳለ እሸት የጫነ የብረት ጋሪ አምልጦ የቦረቦረው ነው። ሙክታር በዚያ ቀን አብሮኝ ነበር። ቦታው አስቀያሚ ስለሆነብኝ ማታ ቤት ስገባ የጥፍር ቀለሜን አውጥቼ ቀባሁት። ታጁ “ስጦታ ነው” ብሎ ጥቁር ከቀባልኝ በኋላ ነበር ከዓይኔ የጠፋው። ከቀለሙ ሥር ያለ መስሎኝ ነበር።

ቁጢጥ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት። የኔው የጥፍር ቀለም ነው።

“ኦቦሌቲ ኮ፣ ሞተሬ ምን አጠፋ?” አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። በኦሮምኛ እህቴ ማለቱ ነው። ጎልማሳ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ትህትና ያለው ሰው። ኦቦ ገመዳ እንደሚባልና ከገበሬ ቡና እየሰበሰበ የሚያስረክብ ሰው እንደሆነ ኋላ ነገረኝ።

“ኦቦ፣ ይህን የፊት ሾክ ከየት አመጡት?” አልኩት።

“ከጅማ። የኔው ተጣሞብኝ፣ ታጁ የሚባል መካኒክ ከተሰበረ ሞተር የወጣ ኦርጅናል አለኝ ብሎ ገጠመልኝ። ምነው?”

ነገርኩት። ከጭረቱ ጀምሬ እስከ ፈቲያ እጅ ድረስ። ሲሰማኝ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። ውሸቴን ነው ብሎ ሞተሩን አስነስቶ መሄድ ይችል ነበር። እኔ ምን አደርገው ነበር? ምንም። እሱ ግን መሪውን ይዞ ቆሞ ብዙ አሰበ።

“ይሄ ሞተር የልጆቼ እንጀራ ነው” አለ በመጨረሻ። “ግን የተሰረቀ ዕቃ ላይ ተቀምጬ ቢስሚላህ ማለት አልችልም። ቶሌ፣ እሺ። ከኋላ ውጪ፣ እንሂድ።”

እናም ከሊሙ ገነት እስከ ጅማ በማላውቀው ሰው ሞተር፣ በራሴ ሾክ ላይ ተቀምጬ መጣሁ። በየጉድጓዱ ስንገባ ሾኩ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፣ ለስለስ ብሎ ይነሳል። ኦቦ ገመዳ ደግሞ ከኔ በፈጠነ ነበር የሚነዳው። ፈቲያ የወደቀችበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ከፊታችን የቆመ የጭነት መኪና ነበርና የፊቱን ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት። የሐዘን እንባ አልነበረም። እንዲህ ያለ ንዴት ሰውነቴ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ጋራዡ ስንደርስ ታጁ አንድ ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር። ቀና ብሎ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ ኦቦ ገመዳን፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየ። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረጃ አላስፈለገኝም፤ ፊቱ ተናግሮ ጨርሷል። ቢሆንም ሙክታርን ስልክ ደውዬ ጠራሁት። ሱቁ ቅርብ ስለሆነ ወዲያው መጣ።

“ይህ ሾክ የኔ ነው” አልኩት። “ጭረቱን እየው።”

ሙክታር ጎንበስ ብሎ አየ። “እርግጠኛ ነሽ?”

“አንተስ? የዚያን ቀን አልነበርክም?”

ታጁ ሳቅ አለ። “ሙክታሬ፣ ሾክ ሁሉ ይጫራል። ይህቺ ልጅ ከአደጋው ወዲህ አልተረጋጋችም። ቤት ውሰዳት።”

ሙክታር እሱን አየ፣ እኔን አየ። “ነጃት፣ እርግጠኛ ነሽ?” ብሎ ደገመው።

ሞተሬ እዚያው ጥግ ላይ ለነገው ገዢ ታጥቦ ቆሟል። ቤንዚን ውስጥ የተነከረ ጨርቅና የአሸዋ ወረቀት አነሳሁና በግራው ሾክ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለም መፋቅ ጀመርኩ። ማንም አልከለከለኝም። ፋቅሁ፣ ፋቅሁ፣ እጄ እስኪቃጠል ፋቅሁ። ቀለሙ ሄደና ብረቱ ታየ። ጭረት የለም። ቀይ የለም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ደግሞ ብረት ላይ አይድንም። ከፍ ብዬ ወደ ውስጥ የሚገባውን ዘንግ በጣቴ ዳሰስኩት። መስተዋት መምሰል የነበረበት ብረት በዝገት ተበሳስቶ የፈንጣጣ ፊት መስሏል። በየጠዋቱ በጨርቅ ስጠርገው ዘይትና አቧራ ሸፍኖት አላስተዋልኩትም። እንዲህ ያለ ዘንግ አፉ ላይ አዲስ ሲል ቢገባበት በሳምንት ይቆራርጠዋል።

“ዳስሰው” አልኩት ሙክታርን። ጣቱን አስቀመጠ። አነሳው። በዚያን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ እርግጠኛ ነሽ አላለኝም።

“ተቀላቅሎ ይሆናል” አለ ታጁ። “ሥራ ይበዛል፣ ዕቃ ይቀላቀላል።”

“የተቀላቀለውን ለምን ቀባኸው?” አለው ኦቦ ገመዳ።

ሙክታር ያን ጊዜ ነው ድምፁ የተሰማው። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀው። “ፈቲያ ስትወድቅ ታውቅ ነበር?”

ታጁ ወደ መሬት አየ። “ነጃት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፣ ምንም አይገጥማትም ብዬ ነው።”

አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ይህ ሰው ትፈጥናለች ብሎ ስሜን ያጠፋው ሰው ነው። እውነቱን ቀድሞውኑ ያውቀው ነበር። ቀስ ብዬ እንደምነዳ አውቆ፣ በዚያው ላይ ተማምኖ ነው እግሬን ከሥሬ የሸጠው።

በዚህ መካከል ሰው ተሰብስቧል። ከጎን ያለው የወፍጮ ቤት ባለቤት ሐጂ መጡ፤ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ ሰይጣን ነው” አሉኝ። “መንገድ ላይ አይሆንም። ኑ ወደ ውስጥ፣ ቁጭ ብለን በሽምግልና እንጨርሰው።”

“ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ” አልኳቸው። “ነገር ግን የኔ ስም የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ጓዳ ገብቶ የሚጸዳ አይደለም። አሁን ሾኬን ይፍታና ይመልስልኝ። ሰው ሁሉ እያየ።”

ሐጂ ሙክታርን አዩት፤ ሚስትህን ያዝ እንደማለት። ባለቤቴ ሁልጊዜ ሽማግሌ የሚያከብር፣ ጠብ የሚሸሽ ሰው ነው። ለኔ አልተከራከረልኝም፣ ይህን አልደብቅም። ግን እኔንም ዝም በይ አላለኝም።

“ፍታው” አልኩት ታጁን።

“የሳቸውን ሞተር ፈትቼ እሳቸውን በምን ልሸኛቸው?”

“በራስህ” አልኩት። የታጁ የራሱ ሞተር፣ የኛን ዓይነት፣ ከቆርቆሮው ሥር ቆሞ ነበር። “የራስህን ሾክ አውጥተህ ለእሳቸው ታስገባለህ። የሳቸው ለኔ ይመለሳል። ይህ የተበሳሳው ደግሞ ያንተ ይሁን። አንተም ቀስ ብለህ ንዳው።”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ሠራ። እኔ ከመለዋወጫ ሱቅ ሁለት አዲስ ሲል ይዤ መጣሁና የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ሞተሮች ከሥራቸው ድጋፍ ተደርጎላቸው የፊት ጎማቸው ወለቀ። ፍሬኑ ወረደ፤ ዘይት የጠጣው ሸራ ተጣለ። የኔን ሾክ ዘንግ ሲያወጣ ጥቁር ዘይት ሳፋው ውስጥ ተንጠፈጠፈ። የነበረውን ሲል በጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቆ አወጣ፣ አፉን ጠረገ፣ አዲሱን በዘይት አራሰና ዙሪያውን እኩል እየመታ አስቀመጠው። በእያንዳንዱ እርምጃ “ቆይ፣ ልየው” እላለሁ። ይቆማል። አያለሁ። “ቀጥል” እላለሁ።

የተበሳሳውን ሾክ ሲፈታው ደግሞ ከውስጡ የወጣው ሲል ደርቆ እንደ ቀንድ የጠነከረ፣ ከንፈሩ የተቀደደ ነው። የገዛሁለት አዲስ ሲል አንድም ቀን እዚያ አልገባም፤ የገባው ለኦቦ ገመዳ በሸጠው የኔው ሾክ ላይ ነው። “ቀየርኩት፣ ቀየርኩት” ሲለኝ የነበረው ሁሉ ባዶ ነው። አንስቼ ለሐጂ ሰጠኋቸው። በእጃቸው አገላበጡት፣ ከዚያ አስቀመጡትና ወደ ወፍጮ ቤታቸው ሄዱ።

ኦቦ ገመዳ ሊሄድ ሲል “አላህ ያሽርልሽ እህትሽን” አለኝ። እኔም ሞተሬን አስነስቼ፣ በሰዎቹ መካከል አልፌ፣ ቤት ሳልሄድ በቀጥታ ፈቲያ ጋ ሄድኩ።

በመስፊያ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ በግራ እጇ ክር ልታስገባ ትሞክር ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

“አንቺ አይደለሽማ” አለች።

“እኔ አይደለሁም።”

“እኔ በልቤ ስረግምሽ ነው የከረምኩት” አለችና በደህናው እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ታጁ የሰረቀው ብረት ተመልሷል። ይህን ግን ማን ይመልሰዋል? በሁለት እህትማማቾች መካከል የገባውን፣ እናቴ ፊቴን ሳታይ ያሳለፈቻቸውን ቀናት፣ እኔ ራሴን የጠላሁበትን?

በማግስቱ ከሰስኩት። ክሱ እየተጓተተ ነው፣ ይጓተት። ታጁ ጋራዡን አልዘጋም፤ ደንበኛም አላጣም። በየዒዱ ሰው ይመጣል። ሰው መሆኑን፣ መሳሳቱን፣ የሙክታር ወንድም ማለት መሆኑን ይነግሩኛል። ሙክታር ራሱ ከዚያን ቀን ወዲህ ታጁ ቤት አልሄደም፤ “እርግጠኛ ነሽ” ማለቱንም ሳልጠይቀው በራሱ ጊዜ አንስቶ ይቅርታ ጠይቆኛል። ተቀብየዋለሁ። ሥራዬን አልለቀቅኩም። ሞተሬ ሲፈታ ሳጥን ገልብጬ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ መካኒኮቹ አይወዱኝም።

አንባቢዎች ሆይ፣ በተለይ እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁና ላብቃ። አንድ ነገር ሲበላሽባችሁና ሁሉም ሰው ጥፋቱ ያንቺ ነው ሲላችሁ፣ ከማመናችሁ በፊት ቀለሙን ፋቁት። ምናልባት ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል፣ ያኔ ትሸከሙታላችሁ። ሳትፍቁ ግን አትሸከሙ።

ይቅር በይው ለምትሉኝም መልሴ ይኸው። ታጁ እኔን ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውም። የፈቲያን ቤት ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ በልቶበታል። ይሂድ፣ ይቀመጥ፣ እጇን እያየ የሠራውን በራሱ አፍ ይንገራት። እስከ ዛሬ አልሄደም። እኔም እስከ ዛሬ እንደተቆጣሁ ነኝ።